የጭላዳው ደረት ሲቀላ

ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ጥቂት ወረድ ብዬ ጫማ እያስጠረግሁ ሳለ የአንድ ሚኒባስ ጎማ ፈነዳ። ሚኒባሱ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር እየወረደ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ቀበሩ፤ ሊስትሮው ብሩሹን ጣለ፤ እኔም እግሬን ከሳጥኑ ላይ መቼ እንዳወረድኩት አላውቅም።

ዓይኔ የቀረው ግን ታክሲ በምትጠብቅ አንዲት ወጣት እናት ላይ ነው። ልጇን አዝላዋለች፤ ልጁ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ጎማው ሲፈነዳ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ግራ እጇ ወደ ኋላ ዞሮ የልጁን ጭንቅላት ሸፈነ። «በስመ አብ!» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቷ አመድ የመሰለውም ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ነቃ፤ ወዲያው ግን አላለቀሰም። ቀና አለና መልሶ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ። የእናቱ ትንፋሽ መቆራረጡ ተሰማው መሰለኝ፣ ያኔ ለቅሶውን ለቀቀው።

«አይዞሽ ልጄ፣ ጎማ ነው» አሏት ሎተሪ የሚያዞሩ አንድ አባት።

«አይ አባባ፣ ክው ነው ያልኩት» አለች። ጎማ መሆኑን አውቃለች፤ እጇ ግን ከልጁ ጭንቅላት ላይ ገና አልወረደም።

የቱ ቀደመ? ፈርታ ነው የደነገጠችው ወይስ ገላዋ ስለደነገጠ ነው የፈራችው? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ ሁላችንም የምናምነውን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ስናዝን የምናለቅስ፣ ስንፈራ የምንንቀጠቀጥ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው አለ። መጀመሪያ ገላችን ይናወጣል፤ ስሜት የምንለው ያንን መናወጥ ከውስጥ ስናውቀው ነው።

በአማርኛ አፉን ለፈታ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እኛ ስሜትን ጭንቅላት ውስጥ አስቀምጠን አናውቅም። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ የሰው መከራ አንጀታችንን ይበላዋል፤ ንዴት ቆሽታችንን ያሳርረዋል፤ ፍርሃት ሐሞታችንን ያፈሰዋል፤ ተስፋ ስንቆርጥ ወሽመጣችን ይቆረጣል፤ ድንገተኛ ነገር ስንሰማ ልባችን ስንጥቅ ይላል። ይህን ሁሉ ያስተማረን ሐኪም የለም። ሰው የራሱን ገላ እያዳመጠ ያጠራቀመው ዕውቀት ነው። እኔን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው፣ ቋንቋ የሌለው ፍጡርስ ሆዱ ይባባል ወይ የሚለው ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዓለም ዙሪያ ብዙ ቤተ ሙከራ ተከፍቷል። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት ከራሳችን ገደል ነው።

ሴባስቶፖል የቆመላቸው ንጉሥ ዘውድ የጫኑት እዚያው ገደል አገር ነው። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደረስጌ ሰሜን ነው፤ የውርጭ፣ የገብስና የጭላዳ አገር። በዚያ ያለፈው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከንግሡ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ጭላዳ የሚባለውን ይህን ዝንጀሮ ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋውቆታል። የሳይንስ መጠሪያው ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው «ጌላዳ» የሚለው ስምም ከአገሬው የተወሰደ ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። የወገኖቹ ቅሪተ አካል በብዙ የአፍሪካ ክፍል ይቆፈራል፤ ከዚያ ሁሉ ዘር በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። እንደ ከብት ሣር ይግጣል። ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፤ ሲመሽ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ ድንጋይ ተደግፎ ያድራል። «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የምንለው ተረት ለጭላዳ ልዩ ትርጉም አለው። ሌሎች ዝንጀሮዎች ቀይ ምልክታቸውን የሚያሳዩት በመቀመጫቸው ነው፤ ቀኑን በሙሉ ተቀምጦ ለሚውለው ለጭላዳ ግን ምልክቱ ደረቱ ላይ ነው። በወንዱም በሴቷም ደረት ላይ ፀጉር የሌለው፣ ወገቡ የጠበበ ቀይ ገላ አለ። ፈረንጆች «ልቡ የሚደማው ዝንጀሮ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ደረት በቅርብ ያየሁት ሳንቃ በር አጠገብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ገና ውርጩን ሳታቀልጥ መንጋው ከገደሉ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተበትኗል። አንድ አውራ ከ6 ሴቶቹ ጋር በተቀመጠበት፣ ከወደ አስታው ጫካ 3 ላጤ ወንዶች ብቅ አሉ። አልተጠጉም፤ ቆመው ብቻ ያያሉ። አውራው ሣር መንጨቱን አላቋረጠም፤ ቅንድቡ ግን ወደ ላይ ተሳበና ከሥሩ ነጣ ያለው የዓይኑ ቆብ ታየ። ቀጥሎ የላይኛው ከንፈሩ ተገልብጦ አፍንጫውን ሸፈነ፤ ጥርሱና ሮዝ ድዱ ወጣ። ከዚያ ተወረወረ። የአንገቱ ጎፈር እንደ ካባ ወደ ኋላ እየተነፋ ላጤዎቹን እስከ ቁልቁለቱ አባረራቸው፤ ተመልሶ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ዘሎ ወጣና ቅርንጫፉን እያንቀጠቀጠ ጮኸ። ሲወርድ ሣንባው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ደረቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከሴቶቹ አንዷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። በአፏ ለስለስ ያለ ድምፅ እያሰማች የጎፈሩን ፀጉር በጣቷ እየፈለቀቀች ትለቅም ጀመር። ትንፋሹ ሲረጋ ዓይኔ አየ። ከመንገዱ ወዲያ ወንጭፍ የያዘ የገብስ ጠባቂ ልጅ ሲያልፍ ደግሞ የመንጋው ራስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። እኛን ከ2 ሜትር ርቀት ቸል ያሉን ናቸው፤ ልጁን ግን ያውቁታል። ልጁም አይፈረድበትም፤ የቤተሰቡ የዓመት ጉርሻ ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነው።

ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጭላዳን ማጥናት የቆየ ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ተቀምጦ የመንጋውን ማኅበራዊ ኑሮ መዝግቧል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢነር የጀመሩት ጥናት እያንዳንዱን እንስሳ በመልኩ እየለየ ሕይወቱን ተከታትሏል። እነሱ ደረቱን በካሜራ እያነሡ፣ ቀለሙን ከመለኪያ ሰሌዳ ጋር እያመሳከሩ ለኩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ሴቶችን የያዘ አውራ ከላጤው ይበልጥ ቀይ ነው፤ ብዙ ሴቶች ያሉት አውራ ደግሞ ጥቂት ካሉት ይብሳል። ቀለሙ ከቆዳው ሥር የሚያልፍ ደም ነው። አውራው ያለበት ሁኔታ ሌላው ወንድ ከሩቅ እንዲያነበው ደረቱ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ገላ ውስጥ የተሰወረውንስ እንዴት ያነቡታል? እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው። ሥራው የሚጀምረው በትዕግሥት ነው። ተመራማሪው በስም የሚያውቃትን አንዲት ጭላዳ እየተከተለ ይውላል፤ አይነምድሯን ስትጥል ወዲያው አንሥቶ፣ አደባልቆ፣ ትንሽ ወስዶ አልኮል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይበጠብጠዋል። ተጣርቶና ቀዝቅዞ ተቀምጦ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። እዚያ የሚፈለገው የሆርሞን ርዝራዥ ነው። እንስሳ ሲጨነቅ ከኩላሊቱ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች እጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይረጫል፤ ስኳር ለጡንቻ ይቀርባል፣ ሌላው ሥራ ይቆያል። ያ ሆርሞን ተሰባብሮ በአይነምድር ይወጣል። መርፌ የለም፣ ወጥመድ የለም፣ ማደንዘዣ የለም። እንስሳዋ ሣሯን እየነጨች የጭንቀቷን መዝገብ መሬት ላይ ትታው ትሄዳለች።

በዚህ መንገድ የተገኘ አንድ ነገር አለ፣ ባነበብኩት ቁጥር የሚረብሸኝ። ላጤዎች አውራውን አሸንፈው ሲገለብጡት አዲሱ አውራ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ግልገሎች ይገድላል፤ ጡት የምታጠባ እናት ልጇ ሲሞት ቶሎ ለመፀነስ ትደርሳለችና። ያረገዙትስ? አይላ ሮበርትስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት የሴቶቹን ሆርሞን ከአይነምድራቸው ተከታትሎ፣ አውራው በተገለበጠ በሳምንታት ውስጥ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ፅንሱ እንደወረደባቸው አሳየ። ማንም አልነካቸውም። የጎዳቸው አዲስ ወንድ መምጣቱ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት በአይጦች ላይ በቤተ ሙከራ የታወቀ ነገር ነበር፤ በዱር እንዲህ ጎልቶ የታየው በሰሜን ጭላዳ ነው።

ይህን ፍርሃት ነው ወይም ሐዘን ነው ለማለት አልደፍርም። ተመራማሪዎቹም እንዲህ አላሉም። የነሱ ማብራሪያ የጥቅም ነው፤ የሚገደል ልጅ ተሸክሞ ወር ከመቁጠር ቶሎ ማቋረጡ ለእናቲቱ ያዋጣል። ነገር ግን ያንን ስሌት የሚሠራው የጭላዳዋ ሐሳብ አይደለም፤ ገላዋ ነው። በዓይኗ ያየችው የመንጋ ለውጥ ማሕፀኗ ድረስ ወርዷል። አማርኛ ስሜት የሚያድርበትንም፣ ፅንስ የሚያድርበትንም በአንድ ቃል «ሆድ» ይለዋል። ሆድ መባባትና ፅንስ መውረድ የአንድ ቤት ሁለት በሮች መሆናቸውን እዚህ ላይ ቆሜ አስባለሁ።

ከኮርቲሶል ጋር በተያያዘ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰሜን ጭላዳዎች ላይ ሆርሞኑ ከፍ የሚለው በጠብ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ብርድ ሲበረታም ይጨምራል። ሌሊቱን ውርጭ ላይ ያደረ ገላ ሙቀት ለማምረት ያንኑ ሆርሞን ይጠራል። እንግዲህ መለኪያው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው «ፈርታለች» ብሎ ቢጽፍ በርዷት ሊሆን ይችላል። ይህ የጄምስን ሐሳብ ከተፈታተኑት ሙግቶች አንዱ ነው። ዋልተር ካነን የተባለው የሰውነት ሥርዓት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ሲከራከር፣ በንዴትም በፍርሃትም በብርድም ልብ ይመታል፣ ሆድ ይታሰራል፣ ፀጉር ይቆማል፤ ገላ ስሜትን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እነዚህን እንዴት እንለያያቸዋለን አለ። ክርክሩ አልሞተም። እኔ ሁለቱም የያዙት እውነት አለ ባይ ነኝ። ገላ ብቻውን ስም አይሰጥም፤ ያለ ገላ ግን ስም የሚሰጠው ነገር የለም።

የሩቅ ቤተ ሙከራዎችም ወደዚሁ የሚያመሩ ነገሮች አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሪሰስ የሚባሉትን የእስያ ጦጣዎች ሙቀት በሚያነብ ካሜራ ሲመለከቱ፣ የሚያስፈራ ሰው ሲቀርባቸው የአፍንጫቸው ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ሲወርድ አዩ። ደም ከቆዳ ይሸሻል። «ፊቱ አመድ መሰለ» የምንለው፣ እዚያች እናት ፊት ላይ ያየሁትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በካሊፎርኒያ 4 ሪሰስ ጦጣዎች ስክሪን ፊት ተቀምጠው ከድምፅ ጋር የሚነጥር ቅርፅ ተመለከቱ። ቅርፁ አንዴ ከልብ ትርታቸው እኩል ይነጥራል፣ አንዴ ይፋለሳል። ሲፋለስ ረዘም ላለ ጊዜ አፈጠጡበት። የራሳቸውን ልብ ከውስጥ ያዳምጣሉ ማለት ነው።

ወደ አንጎል የገቡም አሉ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ ሃይንሪሽ ክሉቨርና ፖል ቡሲ የጦጣዎችን የጎንና የጎን አንጎል ቆርጠው ሲያወጡ፣ ከእባብ ይሸሹ የነበሩት ጦጣዎች እባቡን በእጃቸው ማንሣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት በግንባር በኩል በጥልቀት ያለችውን አንዲት የአንጎል ክፍል ሲያጠፋ፣ ጭማቂ እንደሚሰጠው ያወቀው ጦጣ የዓይኑ ብሌን ሰፋ ብሎ ወዲያው ተመለሰ፤ ተስፋው እስኪደርስ ገላው በጉጉት መቆየት አቃተው። እነዚህ ጥናቶች ለሰው የድባቴ ሕክምና መንገድ እንደጠቆሙ አምናለሁ። የተከፈለበት ዋጋ ግን የእንስሳቱ ነው። እስከቻልን ድረስ ከአይነምድርና ከደረት ቀለም ማንበብን እመርጣለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይቻላል።

ያለ ቢላ ምን ያህል ማየት እንደሚቻል የሚያሳየኝ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል፤ ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ዓመት የከብት መኖ ነው። ስለተጠበቀም ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው አብረው ተጠበቁ። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዊን እዚያ ሲከታተሉ የቆዩት መንጋ ውስጥ 14 እናቶች የሞተ ግልገላቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ተመዝግቧል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። አንዳንዷ ለሰዓት፣ አንዷ ግን 48 ቀንና ከዚያ በላይ ነው የተሸከመችው። የጓሳ ብርድና ደረቅ አየር ሬሳውን ያደርቀዋል፤ ግልገሉ ደርቆ ቅርፊት ሲመስልም እናቲቱ ከእጇ አልለቀቀችውም። ጭላዳ ሣር የሚነጨው በሁለት እጁ መሆኑን ላወቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ደጋግማ ታስቀምጠዋለች፣ ትነጫለች፣ ታነሣዋለች፣ ጥቂት ትንፏቀቃለች፣ ታስቀምጠዋለች። 48 ቀን።

ለዚህ ስም ስጥ ብባል እኔ የማውቀው «አንጀት» የሚለውን ነው። አንጀቷ አልቆርጥ አለ።

ከዚህ የቀለለ፣ ደስ የሚያሰኝ ሌላ ነገርም ከጭላዳ ተገኝቷል። ጀርመን ውስጥ ራይነ በምትባል ከተማ የእንስሳት ማቆያ የሚኖሩ ጭላዳዎችን ያጠናችው ጣልያናዊቷ ኤሊዛቤታ ፓላጂ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ አንዷ ስታዛጋ ሌላዋም ታዛጋለች፤ መጋባቱም የሚበረታው በሚቀራረቡት መካከል ነው። ቀጥሎ በ2013 እ.ኤ.አ. የጨዋታ ፊትን ለኩ። አንዱ አፉን ከፍቶ ለጨዋታ ሲጋብዝ ሌላው ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያንኑ ፊት ይመልሳል። ለማሰብ የማይበቃ ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚፈጥነው በእናትና በልጅ መካከል ነው።

ያን ጠዋት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚኒባሱ ሾፌርና ረዳቱ ጎማ እየቀየሩ ሳለ ያቺ እናት ገና አልሄደችም ነበር። እየተወዛወዘች «እሹሩሩ» ትለዋለች፤ መጀመሪያ የልጁ ለቅሶ ወደ ስቅታ ወረደ፤ ቀጥሎ የሷ ትከሻ ወረደ። ሊስትሮው ሳጥኑን በብሩሹ ጀርባ ኳ ኳ አደረገ፤ እግር ቀይር ማለቱ ነው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ታክሲ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲቆም እናቲቱ ማዘያዋን ፈታች፤ አዝሎ መቀመጥ አይመችምና ልጁን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረችው። በመስኮቱ አየኋቸው። ልጁ እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ ፊቷን አፍጥጦ ያያል። አፏን ከፍታ አሳየችው። እሱም አፉን ከፈተ።